የሳጥኑ ቁጥር፦ በወሎ ጤናማ አትክልት በማኅበር አምርቶ ለመሸጥ

በወሎ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር በግብርና ባለሙያነት ስሠራ በብዙ ቤት ያየሁት ነገር አለ። ትልቁ ማሳ ላይ ለገበያ የሚሆን ቲማቲም ወይም ሽንኩርት ተዘርግቷል፤ ከጓሮ ደግሞ ሁለት መደብ ጎመን፣ ጥቂት ቃሪያ፣ አምስት ስድስት እግር ቲማቲም አለ። ትልቁ ማሳ በየሳምንቱ ይረጫል። ጓሮዋን ግን መርጫ የተሸከመ ሰው አይጠጋትም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ እማወራዋ ሳትደብቅ ትነግራችኋለች፦ «ይቺንማ ልጆቹ ይበሏታል።»

ይህን መልስ እንደ ክፋት አላየውም። ደላላው የሚከፍለው ለመልክ ነው። ትል የነካው ቲማቲም ሲጣል ትናንት የተረጨው በሙሉ ዋጋ ይነሳል። አንድ ገበሬ ብቻውን «እኔስ ከርጭት በኋላ ያለውን የመጠበቂያ ቀን ሳልጨርስ አልለቅምም» ቢል ኪሳራው የራሱ ነው፤ ገዢውም የእሱን ቲማቲም ከጎረቤቱ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በዓይን አይለይም፣ ሲቀምሱትም አይለይም። ስለዚህ ጤናማ አትክልት የሚሸጥ ማኅበር ከአትክልቱ ጋር አብሮ የሚሸጠው ቃሉን ነው፤ ቃል ደግሞ የሚታመነው ሌላ ሰው ሊያጣራው ሲችል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን የሚጣራ ቃል ደረጃ በደረጃ ለመገንባት የተጻፈ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይለይ። «ጤናማ» ስንል ሰው ሠራሽ ኬሚካል ጭራሽ ያልነካው ማለታችን አይደለም። ያ ኦርጋኒክ ይባላል፤ የራሱ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 488/1998። እኛ የምንለው በንጹሕ ውኃ የለማ፣ የበሰለ ኮምፖስት ያገኘ፣ መድኃኒት ከተረጨም የተፈቀደውን፣ በልኩ፣ ቀኑን ጠብቆ የተለቀመ አትክልት ነው። ኦርጋኒክ ሳይሆኑ ኦርጋኒክ ነን ብሎ መሸጥ ውሸት ነው፤ አንዴ ከተያዘ ማኅበሩን ይዞት ይሄዳል።

ደረጃ 1፦ በአንድ ቦይ የሚጠጡ ሰዎችን ሰብስቡ

ብዙ ማኅበራት የሚጀምሩት በቀበሌ ስም ዝርዝር ነው። እኔ የምመክረው ከውኃው እንድትጀምሩ ነው። በአንድ ቦይ ወይም በአንድ ጉድጓድ የሚያጠጡ 15 ወይም 20 አባወራዎችና እማወራዎች ይበቃሉ። ምክንያቱም የላይኛው ሲረጭ ነፋሱ ወደ ታችኛው ይነዳዋል፤ የላይኛው መርጫውን ቦይ ውስጥ ሲያጥብ የታችኛው ጎመን ይጠጣዋል። ከመካከላቸው አንዱ ካልተስማማ የሌሎቹ ልፋት ከንቱ ነው። የውኃ አባቱን ከመጀመሪያው ቀን አስገቡት፤ ተራ የሚያከፋፍለው እሱ ስለሆነ ማን መቼ ማሳው ላይ እንደነበር ከማንም በላይ ያውቃል። ለመስኖ ውኃው አስተዳደር ራሱን የቻለ የተጠቃሚዎች ማኅበር የሚፈቅድ አዋጅ ቁጥር 841/2006 አለ፤ ያ ከሽያጭ ማኅበሩ የተለየ ነው፤ ሁለቱን አታደባልቁ።

ለመደራጀት ከሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። ወሎ ውስጥ ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ የሌለው ጎጥ የለም። ቅሬ ላይ የቀረ ሰው ይመዘገባል፣ ይቀጣል፣ ሀብታም ነው ተብሎ አይታለፍም። ያንኑ ወግ ወደ ማሳ አምጡት። እስከ አንድ ወቅት ድረስ ሳትመዘገቡ እንደ ጅጌ (ደቦ) አብራችሁ ሥሩ፤ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ ያኔ ይታያል። ከዚያ ወደ ወረዳው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የሚመራው ሕግ አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። የሚፈለገው ዝቅተኛ የአባላት ብዛትና የሚሟሉ ሰነዶች ዝርዝር እዚያው ይሰጣችኋል። መተዳደሪያ ደንብ፣ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሥራ አመራር ኮሚቴ እና ቁጥጥር ኮሚቴ ይኖራችኋል። የገዛው ዕጣ፣ ማለትም በማኅበሩ ያለው ድርሻ፣ ብዙ ቢሆንም ባይሆንም አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው ያለው።

ሴቶችን ለስም ብቻ አታስገቡ። መሬቱ በባል ስም ቢሆንም ጓሮዋን የምትጠብቀው፣ ለቀማውን የምትመራው እሷ ናት። ከቁጥጥር ኮሚቴው ቢያንስ እኩሌታው ሴቶች ሲሆኑ ሥራው ሲጠብቅ አይቻለሁ።

ደረጃ 2፦ ውኃውንና መሬቱን መርምሩ

ይህ ደረጃ ሊያሳዝናችሁ ይችላል። ቦርከና ከኩታበር በኩል ተነስቶ ደሴን አቋርጦ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ በሐርቡና በከሚሴ አድርጎ ወደ አዋሽ የሚወርድ ወንዝ ነው። በመንገዱ የሁለት ትልልቅ ከተሞችን ፍሳሽ ይቀበላል፤ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች አካባቢ የሚወርዱ ጅረቶችም ይቀላቀሉታል። ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣ፣ ከባድ ብረት የሚባለው መርዛማ ማዕድን በመታጠብ አይለቅም፣ በመፍላትም አይጠፋም፤ በተለይ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ወደ ቅጠላቸው ይስቡታል። በሰው እዳሪ የተበከለ ውኃ ደግሞ ወስፋት፣ አሜባ፣ ጃርዲያና ታይፎይድ ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ከማሳችሁ ወደ ላይ ውኃውን ተከትላችሁ በእግር ሂዱ። የከተማ ቱቦ፣ የመኪና እጥበት፣ ቄራ፣ መጸዳጃ፣ የፋብሪካ መውረጃ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ በወረቀት ላይ አስፍሩ። ፍሳሽ የሚገባበት ከሆነ በጥሬው የሚበላ ነገር፣ ማለትም ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ በዚያ ውኃ አታልሙ። የፋብሪካ ፍሳሽ ከሆነ ግን እኔ በዚያ መሬት የማኅበሩን ስም የሚይዝ አትክልት ጭራሽ አልተክልም፤ ዛፍ ይተከልበት ወይም ሌላ ሥራ ይፈለግለት፤ የእንስሳት መኖ ግን አይሁን። ምንጭ ያላቸው የተሁለደሬ ቀበሌዎች፣ በከርሰ ምድር ውኃና በጠብታ መስኖ የሚያለሙ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ገበሬዎች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው።

ደረጃ 3፦ የርጭት ደንቡን ጻፉ

የማኅበሩ ልብ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የተፈቀዱትን መድኃኒቶች ዝርዝር ከወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ጋር ሆናችሁ አውጡ። በኢትዮጵያ ማንኛውም ፀረ ተባይ መመዝገብ እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 674/2002 ይደነግጋል። የተመዘገበ መሆኑም ብቻውን አይበቃም፤ ለዚያ ሰብል የተመዘገበ መሆን አለበት። ለጥጥ የመጣ ነገር ለጎመን አይሆንም። ከገበያ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጥ፣ ጽሑፍ የሌለው መድኃኒት በማኅበሩ ማሳ ውስጥ አይግባ። ይህን በደንቡ ላይ በቀጥታ ጻፉት፤ ዋጋው ስለሚረክስ ፈተናው ብዙ ነው።

ዕቃው ላይ ከግርጌ ያለውን የቀለም ቀበቶ ለአባላት ሁሉ አስተምሩ፤ ፊደል ያልቆጠረም ይለየዋል። ቀይ እጅግ አደገኛ ነው፤ ቢጫ ቀጥሎ፣ ሰማያዊ ከዚያ ዝቅ ያለ፣ አረንጓዴ ከሁሉም የቀለለ ነው። ቀይ ቀበቶ ያለውን ጭራሽ ከልክሉ። አረንጓዴም ቢሆን ግን መድኃኒት እንጂ ውኃ አይደለም።

ቀጥሎ የመጠበቂያው ቀን። እያንዳንዱ መድኃኒት ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ድረስ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ጽሑፉ ላይ አለ፤ አንዱ 3፣ ሌላው 7፣ ሌላው 14 ወይም 21 ቀን ይላል። የካቲት 3 የተረጨ፣ 7 ቀን የሚጠበቅለት ቲማቲም ከየካቲት 10 በፊት አይለቀምም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሽንኩርት አንድ ጊዜ ስለሚነሳ 14 ቀን መጠበቅ ቀላል ነው። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ለቀማ ከጀመሩ በየ4 ወይም በየ5 ቀኑ ይለቀማሉ። ስለዚህ 14 ቀን የሚጠይቅ መድኃኒት ለቀማ ከተጀመረ በኋላ በተግባር አይሠራም፤ ወይ ቲማቲሙ ይበሰብሳል፣ ወይ ቀኑ ይጣሳል። ለእነዚህ ሰብሎች ዝርዝሩን ለሁለት ክፈሉት፦ ከአበባ በፊት የሚፈቀዱ እና በለቀማ ጊዜ የሚፈቀዱ። የሁለተኛው ዝርዝር አጭር ይሆናል፤ አጭር መሆንም አለበት። ርጭት የግድ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ የደረሰውን ልቀሙ፣ ከዚያ ርጩ።

የተረጨ ማሳ ላይ ቀኑ እስኪሞላ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዱላ ይተከል። ርካሽ ነው፣ ከሩቅ ይታያል፤ ከብት የሚያግደው ልጅም፣ እሸት ሊቀጥፍ የሚያልፈውም ያውቀዋል። ጨርቁን የሚነቅለው የማሳው ባለቤት ሳይሆን የቁጥጥር ኮሚቴው ሰው ይሁን።

በየቤቱ መርጫ ከመያዝ ይልቅ ማኅበሩ ከአባላቱ ሦስት አራት ሰዎችን አሠልጥኖ ርጭቱን በእነሱ ብቻ ቢያሠራ በጣም ይሻላል። ጓንት፣ ቦቲ፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ረጅም ልብስ ለሁሉም መግዛት አይቻል ይሆናል፤ ለአራት ሰው ግን ይቻላል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ልጅ መርጫ አይነኩም። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ይታጠብ፤ እጣቢው መርጫው ውስጥ ገብቶ እዚያው ማሳ ላይ ይረጭ፤ ከዚያ ዕቃው ተበስቶ በማኅበሩ ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጥ። በመድኃኒት ጀሪካን ዘይት ወይም የመጠጥ ውኃ የሚይዝ ቤት ዛሬም አለ፤ ይህን ዝም ብላችሁ አትለፉ። ከርጭት በኋላ ያላበው፣ ምራቁ የበዛ፣ ያስመለሰው ወይም ዓይኑ የደበዘዘ ሰው ካለ ልብሱን አውልቃችሁ፣ ገላውን በሳሙና አጥባችሁ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ወተት አጠጥቶ መጠበቅ መድኃኒት አይደለም።

ደረጃ 4፦ ከጾሙ ወደ ኋላ ቁጠሩ

የወሎ ገበያ ሁለት ጾም አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ የሽሮውም የአትክልት ወጡም ፍላጎት ከፍ ይላል። በረመዳን ደግሞ ለሳምቡሳው ሽንኩርት፣ ለሾርባው ካሮትና ድንች ይፈለጋል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ የተከላ ቀጠሯችሁ በየዓመቱ ሊስተካከል ይገባል። ለምሳሌ ሽንኩርት በችግኝ መደብ 45 እስከ 55 ቀን፣ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ 3 ወር ተኩል አካባቢ ይፈልጋል። ለየካቲት አጋማሽ እንዲደርስ መስከረም መግቢያ ላይ ዘሩ መደብ ላይ መሆን አለበት። ጥቅምት ላይ የተነሳሳ ማኅበር የሚያመርተው ለፋሲካ ማግስት ነው።

ሁሉም አባል በአንድ ሳምንት አይትከል። በአራት ቡድን ተከፈሉ፤ ቡድኖቹ በሁለት በሁለት ሳምንት ልዩነት ያዛውሩ። ገዢ የሚፈልገው አንድ ጊዜ የሚመጣ ጎርፍ ሳይሆን በየሳምንቱ የማይቀር ሳጥን ነው። ደጋው ላይ፣ ማለትም በለጋምቦ፣ በኩታበርና በደሴ ዙሪያ ያሉ ማኅበራት ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን፣ ቆላው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይዘው ቢዋዋሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ደረጃ 5፦ አፈርና ችግኝ

ተባይ የሚበዛው በደከመ ተክል ላይ ነው። ደረቅ አገዳ፣ እርጥብ ቅጠል፣ ፍግ፣ ጥቂት አመድና አፈር እያነባበራችሁ ከ3 እስከ 4 ወር የሚበስል ኮምፖስት አዘጋጁ። መሃሉ ላይ ዱላ ሰክታችሁ ተዉት፤ ስትነቅሉት እጅ የሚያቃጥል ከሆነ እየሠራ ነው። ቁልሉ ለተከታታይ ቀናት ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ የበሽታ ተህዋስያንና የአረም ዘር ይሞታሉ፤ እያገላበጣችሁ ዳሩም ወደ መሃል ይግባ። ያልበሰለ ፍግ ለሰላጣና ለካሮት አትስጡ።

ቲማቲም በነበረበት ላይ ቃሪያ ወይም ድንች አታስከትሉ፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታቸው አንድ ነው። ሽንኩርት፣ ጎመን ወይም ባቄላ ይግባ። ለሽንኩርት በአገራችን የሚመከረው ርቀት በቦዮች መካከል 40፣ በመስመሮች መካከል 20፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲሜትር ነው። ለቲማቲም በመስመሮች መካከል 1 ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲሜትር። አጥብቆ የሚተክል ሰው ብዙ የሚያገኝ ይመስለዋል፤ የሚያገኘው እርጥበትና ዋግ ነው።

ደረጃ 6፦ ከመርጨት በፊት ቁጠሩ

በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ማሳውን ዙሩ። በ5 ቦታ 10 10 እግር አገላብጣችሁ እዩ፤ ምን እንዳገኛችሁ ጻፉ። «ማክሰኞ ስለሆነ» መርጨት ይቅር።

የሽንኩርት ትሪፕስ የሚባለው ደቃቅ ነፍሳት ቅጠሉ ከአንገቱ በሚገናኝበት ውስጥ ይሸሸጋል፤ ገልጣችሁ ካላያችሁ አታገኙትም። በቲማቲም ላይ ትልቁ ጠላት ቱታ አብሶሉታ የሚባል የእሳት እራት ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን ትሉ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ስለሚኖር ርጭት በደንብ አይደርሰውም። ለዚህ ነው በየሳምንቱ የሚረጭም የሚከስረው። ችግኙን በአጎበር መረብ ሸፍኑ፤ የተጠቁ ቅጠሎችን ለቅማችሁ በላስቲክ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ፤ ወንዱን የሚስብ የሽታ ወጥመድ ከውኃ ሳህን በላይ ስቀሉ፤ ለቀማ ሲያልቅ ግንዱን በዚያው ሳምንት ንቀሉ። አንድ ዓይነት መድኃኒት ደጋግሞ መርጨት ተባዩን ያለማምደዋል።

የኒም ዛፍ ያለባችሁ ቆላማ ቀበሌዎች፣ ሀብታችሁ ደጃችሁ ነው። የደረቀውን የኒም ፍሬ ፈልፍላችሁ ውቀጡ፤ ለ1 ሊትር ውኃ 50 ግራም ሂሳብ፣ ለ15 ሊትር መርጫ 750 ግራም ይሆናል። አዳሩን ዘፍዝፉት፣ በጨርቅ አጥልሉት፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሩበት፤ ፀሐይ ኃይሉን ስለሚሰብረው ወደ ማታ ርጩት። ክሽክሽንና ትንንሽ ትሎችን ያዳክማል፤ ግን በዓይናችሁ ፊት አይገድልም፤ ማግስቱን ሞቶ ካላየሁ ብሎ የሚተወው ብዙ ነው። ታገሡት።

ደረጃ 7፦ መዝገቡና የሳጥኑ ቁጥር

አንድ ወቅት አብሬያቸው የሠራሁ ገበሬዎች ደሴ ውስጥ ጥሩ ገዢ አግኝተው ነበር። በአምስተኛው ሳምንት አንድ አባል ማሳው ስላነሰበት ከሌላ ቦታ የገዛውን ቲማቲም ቀላቅሎ ሳጥኑን ሞላ። የቲማቲሙ ቆዳ ላይ የመድኃኒት ነጭ ዱቄት ነበረበት። ወጥ ቤቱ አይቶ ጠየቀን። እኛም ሳጥኖቹ ምልክት ስላልነበራቸው የማን እንደሆነ መናገር አልቻልንም። ገዢው ሃያውንም ገበሬ ተወ። የቀላቀለው ሰው ስህተት ነበረው፤ ቁጥር ሳናዘጋጅ ሽያጭ የጀመርነው እኛ ግን የባሰ ስህተት ሠርተናል።

እያንዳንዱ አባል ቁጥር ይኑረው፤ እያንዳንዱ ማሳም እንዲሁ። ሳጥኑ ላይ የአባሉ፣ የማሳው ቁጥርና የለቀማው ቀን ይጻፍ። «14፣ 2፣ የካቲት 10» ማለት አባል ቁጥር 14 ከሁለተኛ ማሳው የካቲት 10 የለቀመው ነው። በመዝገቡ ላይ ደግሞ ቀኑ፣ ማሳው፣ ሰብሉ፣ የታየው ተባይ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ በአንድ መርጫ የገባው መጠን፣ የረጨው ሰው እና ለቀማ የሚፈቀድበት የመጀመሪያ ቀን ይስፈር። መጻፍ የማይችል አባል ተማሪ ልጁ ይጻፍለት፤ እሱ አውራ ጣቱን ያኑር። ሳጥኑ ሲመጣ ተቀባዩ መዝገቡን ይከፍታል፤ ቀኑ ካልሞላ ሳጥኑ አይገባም። በቃ።

በየ15 ቀኑ ሦስት አባላት የሌላ ቡድን ማሳ ይጎብኙ፤ ተጎብኚው ጎብኚውን አይምረጥ፤ ዕጣ ይውጣ። አንዳንድ ጊዜ ገዢውም አብሮ ይዙር። ቅጣቱ አስቀድሞ በደንቡ ይጻፍ፦ መጀመሪያ የሳምንቱ ምርት አይገባም፣ ሲደገም ወቅቱን በሙሉ ይታገዳል፣ ሲሠለስ ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። ከሁሉም የሚከብደው አጎታችሁ ወይም ሊቀመንበሩ ራሱ ሲጥስ ነው። ያን ቀን የሚደረገው ነገር ከመዝገቡ ሁሉ ይልቅ የማኅበሩን ዕድሜ ይወስናል። ሽማግሌ ገብቶ ማስታረቅ ይችላል፤ ሳጥኑን ግን ማስገባት አይችልም።

ደረጃ 8፦ ለቀማና እጥበት

በጠዋት፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ በታጠበ እጅ ልቀሙ። ካሮትና ቆስጣ ከማሳ ወጥቶ መንገድ ላይ ወንዝ ውስጥ ሲታጠብ ሁልጊዜ ያመኛል፤ የወራት ልፋት በአንድ ደቂቃ ይበላሻል። ለመጠጥ በሚሆን ውኃ ብቻ እጠቡ፤ ካጣችሁ አፈሩን አራግፋችሁ ሳይታጠብ ላኩት። የማዳበሪያ ከረጢት ለቲማቲም አይሆንም፤ ቲማቲሙ ይጨፈለቃል፣ ከረጢቱም የማዳበሪያ ቅሪት አለበት። የሚታጠብ የፕላስቲክ ሳጥን ግዙ። ሽንኩርት ከመነሳቱ 15 እስከ 20 ቀን በፊት ውኃ ይቁም፤ ከተነሳ በኋላም ጥላ ሥር አንገቱ እስኪደርቅ ይቆይ።

ደረጃ 9፦ ሽያጩ

መጀመሪያ ሁሉንም ገበያ አትመኙ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሆቴል፣ አንድ የትምህርት ቤት ወይም የሆስፒታል ወጥ ቤት ፈልጉ። መዝገቡን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከናሙናው በፊት መዝገቡን አሳዩ። ሳጥን ላይ ያለውን ቁጥር አንሥቶ በማንኛውም ቀን ማሳው ድረስ መምጣት እንደሚችል ንገሩት።

ዋጋ ሲዋዋሉ ለወቅቱ ሙሉ አንድ ቁጥር መቁረጥ ያጣላል፤ ገበያው ሲወጣ ገበሬው ይሸሻል፣ ሲወርድ ገዢው። የሚሻለው የደሴ፣ የኮምቦልቻና የሐይቅ ገበያ የሳምንቱን አማካይ ወስዶ በላዩ የተስማሙበትን ጭማሪ ማድረግ ነው፤ እንዲሁም ከዚህ በታች አይወርድም የሚባል ወለል ማስቀመጥ። ወለሉን ለማስላት የዘሩን፣ የነዳጁን፣ የጉልበቱን ወጪ በእያንዳንዱ ማሳ መዝግቡ፤ የራስን ጉልበት በዜሮ መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው።

አባላት ለደላላ የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ከስስት ሳይሆን ገንዘቡ ዛሬ ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ስለዚህ ከዕጣው የተሰበሰበውን ገንዘብ በመሥሪያ ዕቃ ላይ ሁሉ አትጨርሱት፤ ሳጥኑ በተመዘነ ቀን ለምሳሌ ከዋጋው 60 በመቶ የሚከፈልበት መጠባበቂያ ያዙ፤ ቀሪው ገዢው ሲከፍል ይሰጥ። ደረሰኙ ላይም የሳጥኑ ቁጥር ይጻፍ።

የተረፈውን፣ ያነሰውንና መልኩ የተበላሸውን ለሰፈር ገበያ በማኅበሩ ስም በግልጽ «ሁለተኛ ደረጃ» ብላችሁ ሽጡት። ትል የነካው ቲማቲም ለድልህና ለሥልስ ምንም አይለውም። ቀኑ ያልሞላውን ግን በሁለተኛም በሦስተኛም ደረጃ አትሽጡት፤ ጨርቁ እስኪነቀል ማሳው ላይ ይቆይ፤ ቢበሰብስም ቁጥሩ መዝገብ ላይ «አልተለቀመም» ተብሎ ይጻፍ፤ ገዢው ሲመጣ መጀመሪያ የምታሳዩት ገጽ ያ ይሁን።